ሎጎው ትንሽ ከፍ ይበል

አዳማ በስብሰባ የምትኖር ከተማ ናት። ሰኞ ጠዋት ከፍጥነት መንገዱ ወርደው ወደ መሐል ከተማ የሚገቡትን ነጫጭ መኪኖች በራቸው ላይ ያለውን አርማ ያነበበ ሰው፣ የጥሪ ደብዳቤ ሳይደርሰው የሳምንቱን አጀንዳ ይነግራችኋል፤ ባለፈው ሳምንት ጤና ነበር፣ ዛሬ ውኃ ነው፣ ሐሙስ ግብርና ይገባል። የባጃጅ ልጆች ደግሞ ከአርማውም ቀድመው ያውቃሉ። አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ እንግዳ ሲያዩ «ሥልጠና ነው ዎርክሾፕ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሒሳቡም እንደ መልሱ ነው።

ለምን አዳማ? ቢሾፍቱም፣ ባቱም፣ ሐዋሳም ከዚሁ ስምጥ ሸለቆ ድርሻቸውን ያነሳሉ፤ ሐይቅም አላቸው። አዳማ ሐይቅ የላትም። ያላት ልኩን የጠበቀ ርቀት ነው። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፦ «ለአንድ ፊርማ ብቅ በል» ተብሎ እንዳይጠሩ ይርቃል፣ ነዳጅ እንዳያስጨርስ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የፍጥነት መንገድ የጉዞውን ሰዓት አሳጠረው እንጂ የአዳሩን አበል አላሳጠረውም። ሙቀቱም ቢሆን ጥቅም አለው፤ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ያንቀላፋ ሰው «የአዳማ ሙቀት ነው» ካለ ይቅር ይባላል። ቀዝቃዛ ከተማ ላይ ቢሆን ጥፋቱ የአቅራቢው ይሆን ነበር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰው መንገድ አቋርጦ መጥቶ የሚያየው ስላይድ ነው። ስላይዱ እንዴት እንደተሠራ፣ ስንት እጅ እንደነካው፣ ስንት ሰው አኩርፎበት እንደወጣ ግን አያይም። እኔ የምኖረው በዚያ በማይታየው ወገን ነው። እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ ከሚባለው ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ ቢሮ፣ በገጠር ውኃ ሥራ ላይ ተቀጥሬአለሁ። ሥራዬ ውኃ ነው ብል ግን ውሸት ነው፤ ሥራዬ ስለ ውኃ በሚናገር ስላይድ ላይ አስተያየት መስጠት ነው።

ቢሯችን ውስጥ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንጋፋ ባለሙያ አሉ። እሳቸው ሥራ የጀመሩት በፍሊፕ ቻርት ዘመን ነው፤ ትልልቁን ነጭ ወረቀት ጠቅልለው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነው፣ ማርከር በኪሳቸው ይዘው ወረዳ ለወረዳ ዞረዋል። ከዚያ ኦቨርሄድ መጣ፤ ጽሑፉን ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ እያተሙ መብራቱ ላይ ማስቀመጥ። ፓወር ፖይንትም መጀመሪያ የተሠራው ይህንኑ ላስቲክ ለማዘጋጀት ነበር። ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን ፎርሶት በሚባል ትንሽ ኩባንያ ውስጥ ለማኪንቶሽ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1987 ገበያ አወጡት፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ገንዘቡ በዛ የሚል ካለ፣ አዳማ ላይ ስላይድ እያየን የጠጣነውን ሻይ ቡና ይደምርና ይንገረኝ።

ጋሼን «በእርስዎ ዘመን ፍሊፕ ቻርቱ ላይ አስተያየት ይሰጥ ነበር?» ብዬ ጠይቄአቸው አውቃለሁ። «ወረቀቱ ውድ ነበር እኮ ልጄ፤ ማን ደግመህ ጻፍ ይልሃል?» አሉኝ።

ዛሬ ወረቀት ስለሌለ ማንም አይራራም። ድራፍቱ ይላካል፣ ኤልሲዲው ይበራል፣ የቴክኒክ ቡድኑ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ተናጋሪ አፉን የሚያሟሸው በምስጋና ነው። «በቅድሚያ ይህን ላዘጋጁት ባልደረቦች ያለኝን አክብሮት ለመግለጽ እወዳለሁ። በጣም ቆንጆ ሥራ ነው። እንደው ለማዳበር ያህል…» ይህቺን «ለማዳበር ያህል» የሰማ አዘጋጅ ወንበሩን ይጨብጣል። ስብሰባ የለመደ ሰው ከዚህች ሐረግ በፊት የተባለውን ሁሉ አይመዘግብም። ተናጋሪው ጉሮሮውን ይጠርግና ይቀጥላል፤ «እንደው ለማዳበር ያህል፣ ሎጎው ትንሽ ከፍ ቢል።»

ሎጎ ከተነሣ ጠዋቱ አለቀ ማለት ነው። የመሥሪያ ቤቱ አለ፣ የክልሉ አለ፣ የለጋሹ አለ፣ ሥራውን የሚያስፈጽመው አጋር አለ፣ የአጋሩ አጋር አለ። ሁሉም እኩል መሆን አለባቸው፤ የለጋሹ ግን ትንሽ የበለጠ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ክብ ነው፣ ሌላው ረጅም ነው፤ ክቡን ከረጅሙ ጋር እኩል ለማድረግ ሲለጠጥ እንቁላል ይሆናል። እንቁላል የሆነ አርማ ደግሞ ደብዳቤ ያስጽፋል። ከሎጎው ቀጥሎ የሽፋኑ ፎቶ ይመጣል። የእኛ አለቃ ከአዳማ በላይ ባለው ኮረብታ የቆሙትን የነፋስ ተርባይኖች ይወዳሉ፤ ከየትኛውም ስላይድ ፊት እንዲቆሙ ይፈልጋሉ። ፎቶው ያምራል፤ አንደኛው ማመንጫ 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው። ርዕሱ ግን የገጠር የመጠጥ ውኃ ነው። «ነፋስስ ውኃ ይስብ የለ?» ብለው መለሱልን። ተርባይኖቹ ቆሙ።

ከፎቶው ቀጥሎ ቀለም አለ። «ውኃ ስለሆነ ሰማያዊ ይሁን» የሚል አለ፤ «የለጋሹ ቀለም ብርቱካናማ ነው» የሚል አለ። ከቀለሙ ቀጥሎ ፊደል አለ፤ እዚህ ላይ እንኳን መሐንዲሱ የሒሳብ ሠራተኛዋም ሊቅ ናት። «ውኃ» በየትኛው «ሀ» ይጻፍ በሚለው ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት አልፎብናል። ውኃው ራሱ ይወጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በዚያ ከሰዓት አልተነሣም።

ነገሩ ቂልነት እንዳይመስላችሁ። ጥበብ ነው። ሎጎ ቢነካ የሚያመው ሰው የለም። ቀለም እናት አባት የለውም። «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ማለት ግን ቁጥሩን ያመጣውን ሰው «አንተስ ከየት መጣህ?» እንደማለት ይቆጠራል። ቁጥሩን ያመጣው ሰው ደግሞ ከጎንህ ተቀምጧል፤ ምሳ አብራችሁ ትበላላችሁ፤ ባለፈው ወር የወንድሙ ሠርግ ላይ ጠርቶሃል። ስለዚህ ሁላችንም እንደ ተማከርን በአንድነት ሎጎ ላይ እንረባረባለን።

ይህን ይሉኝታ ከአባቶቻችን ወረስነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የቅኔ ቤት ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ የሚነግረው በጓደኞቹ ፊት ነው፤ የኔታም ምሥጢሩ ካልሞላ፣ ቤቱ ከተሰበረ፣ ሰው አለ ብለው አይምሩትም። የሰመረለት ደግሞ «ይበል!» ይባልለታል። በቦረና ጉሚ ጋዮ የሚባለው ጉባኤ በየስምንት ዓመቱ ተሰብስቦ ሕጉን ያያል፣ ይመረምራል፣ የሚሻሻለውን ያሻሽላል። ስምንት ዓመት ይጠብቃሉ እንጂ ኤልሲዲ እስኪበራ አይጠብቁም። እንግዲህ ሰው ፊት ሐሳብን አንጥሮ ማየት ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆነው ለቢሮው ነው።

የስላይድ የጋራ ሥራ ለቅሶ ቤት ማለት ነው፤ የመጣ ሁሉ ይዞ ይመጣል እንጂ ይዞ የሚሄድ የለም። የሥርዓተ ጾታ ባለሙያዋ ሁለት ስላይድ ትጨምራለች፣ የአካባቢ ጥበቃው ሦስት፣ የፋይናንሱ በአጉሊ መነጽር የማይነበብ አንድ ሠንጠረዥ። አሥራ ሁለት ሆኖ የተጀመረው በሳምንቱ ወደ ስድሳ ይጠጋል። የሚቀንስ አይገኝም፤ ስላይዱን መሰረዝ ባለቤቱን ከቢሮ ማባረር ነው። አንድ ጊዜ ከሌላ ከተማ የመጣ አማካሪ «ይህን ብናወጣው ምን ይጎድላል?» ብሎ ጠየቀ። ዝም አልነው። ማታ እራት ላይ ብቻውን ተቀመጠ።

በኦሮሚያ ከተሞች ስንሠራ ደግሞ ስላይዱ ሦስት ቋንቋ ይችላል። ለወረዳዎቹ አፋን ኦሮሞ፣ ከፌዴራል ለሚመጡት አማርኛ፣ ለለጋሹ እንግሊዝኛ። ይህ ተገቢ ነው፤ ሰው በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ችግሩ ሳጥኑ ነው። ቁቤ ረጅሙን አናባቢ ሁለቴ፣ ጠብቆ የሚነበበውንም ተነባቢ ሁለቴ ስለሚጽፍ መስመሩ ይረዝማል፤ የእኛ ፊደል ደግሞ አናባቢውን አዝሎ ስለሚሄድ ያጥራል። በአማርኛ አንድ መስመር የነበረው ርዕስ በአፋን ኦሮሞ ወደ ሁለተኛው መስመር ሲያልፍ ከሥሩ ያለው ሥዕል ይወርዳል፣ ሥዕሉ ሲወርድ ሎጎው ይሸፈናል። ሎጎው ከተሸፈነ ደግሞ ምን እንደሚሆን ነግሬአችኋለሁ።

የፊደሉን ነገር ካነሣሁ፣ የዱሮ ሶፍትዌሮችን ያላዩ ወጣቶች ዕድለኞች ናቸው። ያኔ እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሑፍ ሶፍትዌር ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በየራሱ መንገድ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ቢሮ ላይ ያማረው ስላይድ፣ ያው ፎንት የሌለበት የሆቴል ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት አናቱ ላይ ሰረዝና ነጥብ ያለው የላቲን ፊደል ይዘረገፋል። አንድ አቅራቢ እንዲህ ሆኖበት ሳይደነግጥ በቃሉ ሲቀጥል አይቻለሁ፤ ከኋላ የተቀመጡ ተሳታፊዎች ፈረንሳይኛ መስሏቸው አክብረው ያዳምጡ ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቦታ አገኘ፤ በኋላም ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ዩኒኮዱ ቢሮ ለቢሮ እስኪደርስ ግን ዓመታት ፈጀ። ዛሬም ከአንድ አሮጌ ፍላሽ ውስጥ የአሥር ዓመት ዕቅድ በዚያ «ፈረንሳይኛ» ተጽፎ ብቅ ይላል።

በመጨረሻ የፋይሉ ስም አለ። በቴሌግራም የሚዞረው ፋይል መጀመሪያ «ድራፍት» ይባላል፣ ከዚያ «ፋይናል»፣ ከዚያ «ፋይናል የተስተካከለ»። ሰው ሁሉ የራሱን ቅጂ ስለሚያርም አንድ ቀን አምስት «ፋይናል» ይገናኛሉ። በእኛ ቢሮ ክርክሩን የሚዘጋው «አለቃ ያዩት» የሚለው ነው። አንድ ጊዜ «አለቃ ያዩት 2» የሚል መጣ፤ አለቃ ሁለተኛ ማየታቸውን ራሳቸው አያውቁም ነበር።

ይህን ሁሉ ያየች አንዲት ባልደረባችን ናት ጉግል ስላይድን ያመጣችብን። የደራ ልጅ ናት፤ ከአዳማ ወደ አሰላ ሲሄዱ የምትገኘው ደራ። መሐንዲስ ናት፣ ወሬ አታበዛም። «አንድ ፋይል ይሁን፣ ሊንኩን ልላክላችሁ፣ ሁሉም ሰው እዚያው ላይ ኮሜንት ያድርግ» አለች። ጉግል ይህን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን እንደ አዲስ ተአምር ነበር። አንዱ እዚህ ሲጽፍ ሌላው እዚያ ሲያጠፋ ይታያል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው «ይሄ ሰው አሁን ቤቱ ሆኖ ነው እዚህ የሚጽፈው?» ብለው ጠየቁ። አዎ ስንላቸው «ታዲያ አዳማ ሆቴል ለምን እንከራያለን?» አሉ። ጥያቄው በቃለ ጉባኤ አልተያዘም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ጉግል ሊንክ ይዞ ስሙን ሳያስመዘግብ የገባውን ሰው በእንስሳ ስም ይጠራዋል። ላይኛው ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ውስጥ የእንስሳ ምስል ይታያል፤ ስሙ ያልታወቀ ካንጋሩ፣ ስሙ ያልታወቀ ምናምን። ካፒባራ የሚባልም አለ፤ ደቡብ አሜሪካ የሚገኝ፣ ከዓለም አይጥ መሰል እንስሳት ሁሉ ትልቁ ነው። አንድ ረቡዕ ማታ፣ ሁላችንም በየቤታችን ሆነን ስለ ሎጎው ኮሜንት ስናዘንብ፣ ካፒባራ ገባ። ትንሽ ቆየ። ወዲያው ዋናው ስላይድ ጎን፣ ወረዳዎቹ ስንት የውኃ ተቋም እንዳላቸው የሚናገረው፣ በትልቅ ሰማያዊ ቁጥር ያጌጠው ስላይድ ጎን፣ ስም የሌለው አንድ ኮሜንት ተለጠፈ፦ «የተገነቡትን ነው የሚሠሩትን? የባለፈው ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ያለው ቁጥር ሌላ ነው።» ከዚያ ካፒባራ ወጣ።

ቢሮው ውስጥ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ አስተያየት ተሰጥቶ አያውቅም። «ለማዳበር ያህል» የለው፣ «በቅድሚያ» የለው። በማግሥቱ አለቃ ሁላችንንም ሰበሰቡን።

«ካፒባራ ማነው?»

የአይቲው ልጅ ቀስ ብሎ «አይጥ ነገር ነው» አለ።

«አይጥ መሆኑንማ ከአስተያየቱ አወቅሁ። ማነው ነው የምልህ?»

ልጁ ጉግል ስሙን እንዲሁ በዕጣ እንደሚሰጥ፣ ዛሬ ካፒባራ የሆነው ነገ ጦጣ ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። አለቃ ጥቂት አሰቡና ተራ በተራ አዩን፤ «ስለዚህ ሁላችሁም ካፒባራ ልትሆኑ ትችላላችሁ?» አሉ። መልስ የሰጠ የለም። የስላይዱ ባለቤት የሆነው የዕቅድ ባለሙያ ፊቱ ቀላ፤ ግን ጥፋተኛ አልነበረም። ስላይዱን አጉልተን ስናየው፣ ከታች ከሎጎዎቹ ጥግ፣ በስምንት ነጥብ ግራጫ ፊደል፣ ከኮከብ ምልክት አጠገብ እንዲህ ተጽፏል፦ «የተገነቡትን እንጂ በአሁኑ ወቅት አገልግሎት የሚሰጡትን አያመለክትም።» ባለሙያው ሳይዋሽ ጽፎታል። ስንት ዙር ስንገመግም ዓይናችን ያረፈው ከመስመሩ አጠገብ ሎጎው ላይ ስለነበር ያነበበው የለም። እንዲያውም አንዱ «ይህቺ ጽሑፍ ሎጎውን ትጋፋለች፤ ትነስ» ብሎ ኮሜንት አድርጎባት ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በእኛ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ስትነሣ ከነዳጅ ጋኗ የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ ክንፏን መታት። ገና ጠፈር ላይ እያለች መሐንዲሶች ጉዳቱን መርምረው ለአለቆቻቸው በስላይድ አቀረቡ። ርዕሱ የሚያጽናና ነበር። ከታች፣ በመጨረሻው ንዑስ ነጥብ ላይ ግን፣ ከዚያ በፊት የተደረገው ሙከራ 3 ኪዩቢክ ኢንች በሆነ ቁራጭ እንደነበረ፣ የአሁኑ ደግሞ 1,920 እንደሆነ ተጽፏል። 640 እጥፍ ማለት ነው። የካቲት 1 ቀን በነሱ አቆጣጠር መንኮራኩሯ ስትመለስ አየር ላይ ተበታትና ሰባት ሰዎች አለቁ። ስላይዷን በኋላ ኤድዋርድ ተፍቲ የተባሉ ምሁር መስመር በመስመር ተነተኗት፤ መርማሪ ቦርዱም አንድ ከፍተኛ ኃላፊ ያንን ስላይድ አንብቦ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ሳያስተውል ቢቀር እንደማይገርም በሪፖርቱ ጻፈ፤ ስለ ቴክኒክ ጉዳይ ወረቀት መጻፍ ቀርቶ ስላይድ መተካቱንም ነቀፈ። በዓመቱ ጄፍ ቤዞስ በአማዞን የከፍተኛ አመራር ስብሰባ ፓወር ፖይንት እንዲቀር አደረገ፤ እነሱ አሁን የተጻፈ ወረቀት ይዘው ቁጭ ብለው በዝምታ ያነባሉ ይባላል። እኛ ዘንድ ቢሞከር ዝምታው ለአበል ፊርማ ይውላል።

ይህን ታሪክ ለአለቃ ለመንገር አፌን ስከፍት የደራዋ ልጅ ቀደመችኝ። እሷ ጠፈር አላነሣችም። «እኛ ዶዶታ ውስጥ የማይፈስ ቦኖን ቦኖ አንለውም» አለች። እውነቷን ነው፤ ደራ የምትገኝበት ዶዶታ በውኃ ነገር ቀልድ የማታውቅ ወረዳ ናት። በስዊድን ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራው የዶዶታ የውኃ ፕሮጀክት ስሙ የተነሣው በቧንቧው ርዝመት ሳይሆን ሴቶቹ ከሥራው ውስጥ ስለገቡበት ነው፤ ውኃ ቀጂዋ ሴቷ ስለሆነች መቋረጡን አስቀድማ የምታውቀውም እሷ ናት። የደራዋ ልጅ ያደገችው እናቷ ጄሪካን ይዛ ስትመለስ እያየች ነው፤ አንዳንዴ ሙሉ፣ አንዳንዴ ባዶ። ኮከብ ምልክት አያስፈልጋትም።

«ታዲያ ቁጥሩን እንቀንስ ነው የምትይው?» አሉ አለቃ።

«ቁጥሩን አንነካውም። ከታች ያለችውን መስመር ወደ ላይ አውጥተን ርዕስ እናድርጋት።»

አለቃ ስላይዱን ረጅም ሰዓት አዩት። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን።

«ሎጎው ይነካል?»

«አይነካም። እንዲያውም ቦታ ይሰፋለታል።»

«እንግዲያው ይሁን።»

እንዲህ ሆኖ አዳማ አዳራሽ ገባን። ከተርባይኖቹ በኋላ፣ ከክቡራን እንግዶች ዝርዝር በኋላ፣ «የተገነቡ የውኃ ተቋማት፤ ሁሉም አይሠሩም» የሚል ርዕስ ግድግዳው ላይ ወጣ። አቅራቢው ገና አንድ መስመር ሳይጨርስ ከወረዳዎቹ የመጡት እጅ አወጡ። በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ የተለመደው ጥያቄ «ሶፍት ኮፒው ይሰጠን» የሚል ነው። በዚያን ቀን ግን አንዱ ስለ ፓምፕ መለዋወጫ ተናገረ፣ አንዱ ጄኔሬተሩ የቆመበትን ወር ጠቀሰ፣ አንዲት አዴ ተነሥተው በአፋን ኦሮሞ የቦኖውን ገንዘብ ማን እንደሚይዝ ጠየቁ፤ አወያዩ ሰዓት እያሳየ ቢለምንም የሚሰማው አጣ። ሻዩ ቀዘቀዘ። አስተናጋጆቹ በር ላይ ቆመው ተያዩ፤ የሻይ ሰዓት በውይይት ሲያልፍ አይተው አያውቁም።

ካፒባራ ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ጋሼ ይጠረጠራሉ፤ ሲጠየቁ «እኔ ኮምፒዩተሩን ራሱ መክፈት አልችልም» ይላሉ፤ ግን ካፒባራ ምን እንደሚበላ ያውቃሉ። አለቃ ከዚያ በኋላ ሊንኩ ስሙ ለተመዘገበ ሰው ብቻ እንዲከፈት አዘዙ። ሥርዓት ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ የሚለጠፉት ኮሜንቶች ሁሉ ስም አላቸው፤ ሁሉም «ለማዳበር ያህል» ናቸው። መዘጋቱ ጥፋት ነው ባይ ነኝ፤ ስሙን ጽፎ እውነት የሚናገር እስኪለመድ ድረስ አይጡ ቢኖር ይሻል ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ አዳማ ሊቀርብ የተዘጋጀ ድራፍት ከደረሰህ ሎጎውን ለእኛ ተውልን፤ እሱን የሚያይ ሰው ሞልቷል። አንተ ከታች ያለችውን ግራጫ መስመር አንብባትና «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብለህ ጠይቅ፤ ስምህንም ጻፍበት። ደግሞ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ የምስጋና ስላይድ አለች፤ ጤዛ ያረፈባት ቀይ ጽጌረዳ ያለባት፣ ባቱ ላይ እውነተኛ ጽጌረዳ በየሄክታሩ እየተለቀመ ለውጭ ሲላክ ከኢንተርኔት የተወሰደች። እሷን ያለ ስብሰባ ሰርዛት። ባለቤቷ ማነው ካሉህ እኔ ነኝ በላቸው።